አስተማሪ ሻማ አይደለም!

ባለፈው ሳምንት በምግብ አዳራሹ በር ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየን። የዘንድሮ ተመራቂዎች ለአስተማሪዎቻቸው የምስጋና ምሽት ሊያዘጋጁ ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ እንደ አቅሙ ያዋጣ ይላል። ኬክ ይቆረሳል፤ በመስታወት የተለበጠ የምስጋና ወረቀት ይሰጣል፤ በመጨረሻም መብራቱ ይጠፋና ሁላችንም በእጃችን አንዳንድ ሻማ ይዘን ቆመን ሳለ «አስተማሪ ሻማ ነው» የሚል ግጥም ይነበባል።

እኛ የዚህች ወረቀት አዘጋጆች መዋጮውን ከፍለናል። ኬኩንም እንበላለን። ግጥሙን ግን አንቀበለውም። ስለምን እንደማንቀበለው ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ማስረዳት ግዴታችን ሆኖ ስለታየን ይህን ጽሑፍ አውጥተናል። የሚቀየመን ቢኖር እስከ መጨረሻው ካነበበ በኋላ ይቀየመን።

ለመሆኑ ሻማ ምንድን ነው? ሻማ ሰም ነው። ከሱቅ ይገዛል፤ መብራት ሲጠፋ ይፈለጋል፤ መብራት ሲመጣ እፍ ይባላል። አይርበውም፤ የቤት ኪራይ አይጠየቅም፤ ልጁ ታሞበት ሐኪም ቤት ደጅ አይቀመጥም። ቀልጦ ሲያልቅ ሌላ ይለኮሳል እንጂ ለሻማ ያለቀሰ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማንም። እንግዲህ አስተማሪን «ሻማ ነህ» ስንለው ያመሰገንነው ይመስለናል። ነገሩን ገልበጥ አድርጎ ለሚያየው ግን የምንለው ሌላ ነው፤ «መቅለጥ ተፈጥሮህ ነውና ስትቀልጥ አትጩህ» ማለታችን ነው። የባንክ ሥራ አስኪያጅን ሻማ ነህ ብሎ የገጠመለት አለን? አስመጪና ላኪውንስ? ሚኒስትሩንስ? የለም። ይህ ምሳሌ የሚወጣው ደመወዙ ወሩን ለማያደርሰው ሰው ብቻ ነው። ውዳሴው በጨመረ ቁጥር ዕዳው የሚረሳ ከሆነ፣ ውዳሴው ዕዳ መካጃ ሆኗል ማለት ነው።

ይህን ስንል ውለታ ካጆች ነን ማለት አይደለም። እንዲያውም የምንጽፈው ውለታው ስለከበደን ነው። ይህን ለማሳየት ከራሳችን መካከል ሦስት ሰዎች የነገሩንን እንጥቀስ።

አንደኛው ወንድማችን የገጠር ልጅ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳለ የመከር ወራት ደረሰና አባቱ ከትምህርት አስቀሩት። በሦስተኛው ቀን አስተማሪው የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው ተጉዘው ከማሳው ዳር ደረሱ። አባትዮው ገና «ልጁ ለሥራ ያስፈልገኛል» ብለው ሳይጨርሱ አስተማሪው ኮታቸውን አውልቀው ማጭድ ጠየቁ። እስከ ቀትር ድረስ ገብስ ሲያጭዱ ዋሉ። ከዚያም ላባቸውን ጠርገው፣ «አባቴ፣ ግማሹን ቀን እኔ አጭጄልዎታለሁ፤ ግማሹን ቀን ልጁን ይስጡኝ» አሉ። ልጁ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ዛሬ ምሕንድስና አራተኛ ዓመት ነው።

ሁለተኛዋ እኅታችን ሰባተኛ ክፍል ስትደርስ እንደ ጓደኞቿ በየወሩ ሦስት አራት ቀን ትቀር ነበር። ምክንያቱን የሚጠይቅ እንጂ የሚያውቅ አልነበረም። የእንግሊዝኛ አስተማሪያቸው የነበሩት ሴት አንድ ቀን ሴቶቹን ብቻ አስቀርተው የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ለአንዷ ልጅ ሰጡ። በውስጡ ሞዴስና ሳሙና ነበረ። ንግግር አላደረጉም፤ «ሲያልቅ ንገሩኝ» ብቻ አሉ። የሚገዛው ከእሳቸው ደመወዝ መሆኑን ልጆቹ የተረዱት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ከዚያ ዓመት ወዲህ ከዚያ ክፍል በዚህ ምክንያት የቀረች ልጅ አልነበረችም።

ሦስተኛው ታሪክ የሁለት ወንድሞቻችን ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማሯቸው ሰው ማታ ማታ ባጃጅ ይነዱ ነበር። ልጆቹ ይህን አያውቁም። አንድ ምሽት ዝናብ ሲጥል ያገኙትን ባጃጅ አስቁመው ተሳፈሩ። ነጂው ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አድርገው መንገዱን ሁሉ አልተናገሩም። ሲወርዱ ሒሳቡን ዘረጉላቸው። ነጂው ገንዘቡን ሳይቀበሉ ዞር ብለው፣ «የነገውን ጥያቄ ሠርታችኋል?» አሏቸው። በማግስቱ ልክ በሁለት ሰዓት፣ ኖራ በእጃቸው ይዘው፣ እንደ ወትሮው ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመው ነበር። ስለዚያ ምሽት እሳቸውም ልጆቹም እስከ ዛሬ አልተነጋገሩም። እኛ ግን እንነጋገር፤ የዚያን ምሽት ባርኔጣ ዝቅ ያስደረገው ሀፍረት የማን ነው? ሠርቶ ያደረ ሰው አያፍርም። ሀፍረቱ አስተማሪውን ከእኩለ ሌሊት በፊት ወደ ቤቱ እንዳይገባ ያደረገው ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱን አይቶ ግጥም የሚያነበው የእኛም ነው።

አባቶቻችን ምስጋናን በሻማ አልጀመሩትም። ቋንቋችንን ብቻ ብንመረምር ይበቃል። ፊደል ያስቆጠረውን ሰው «የኔታ» ይሉታል፤ የኔ ጌታ ማለት ነው። ንጉሥ ያልሆነ፣ መሬት የማይገዛ፣ ብዙውን ጊዜም ከተማሪው እኩል ጦም የሚያድር ሰው ጌታ የተባለው በሌላ ሳይሆን በማስተማሩ ነው። የቆሎ ተማሪ በየደጁ ለምኖ ያመጣውን ከየኔታ ጋር ይካፈል ነበር፤ እንጨቱን ይለቅማል፣ ውሃውን ይቀዳል፣ እርሻውን ያርሳል። እኛም ከሦስት ወር በኋላ ጋውን ለብሰን ፎቶግራፍ የምንነሣበት በዓል ስሙ «ምረቃ» የሆነው ከዚያው ነው፤ አስተማሪ ተማሪውን መርቆ የሚሸኝበት ቀን ነበርና። ስሙን ወርሰናል። መራቂውን ግን ከበዓሉ ጫፍ ላይ አስቀምጠን የክብር ወንበሩን ለሌላ እንግዳ ሰጥተናል።

ያ ዘመን ሁሉ ነገሩ የተስተካከለ ነበር አንልም። አለንጋውም ነበር፤ ረሀቡም ነበር፤ ከየኔታ ደጅ የሴት ልጅ ድምፅ እምብዛም አይሰማም ነበር። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ተማሪ ለአስተማሪው የሚያቀርበው ምስጋና የእጅ ሥራ እንጂ የአፍ ቃል ብቻ አልነበረም።

የዘመናዊው ትምህርት ታሪካችን ደግሞ ከሁሉ በፊት የአስተማሪ እጦት ታሪክ ነው። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት ካህናቱ የአውሮፓውያንን ትምህርት ስለ ሠጉ አስተማሪዎቹ ከግብፅ ቅብጦች ወገን እንዲመጡ ተደረገ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከተለ። ጥቂት የተማሩ ወጣቶች ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምሩ ጠላት መጣ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ወዲህ ፋሽስት የተማረውን ወጣት እየለቀመ ፈጀው። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ የትምህርት ቤቱ በር ተከፈተ፤ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት የሚቆመው ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነበር።

በዚያ ጊዜ ጉድለቱን የሞሉት እነማን ነበሩ? ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን እናስታውስ። በስዊስ አገር የተማሩ፣ በጠላት ዘመን ተይዘው ወደ ኢጣልያ ወደ አዚናራ ደሴት የተጋዙ ሴት ናቸው። ከነፃነት በኋላ በደሴ አስተማሩ፤ ቀጥሎም የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዲሬክተር ሆኑ። በ1950 ዓ.ም. መባቻ በተደረገው የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ የሆኑት ከዚህ በኋላ ነው። ዛሬ ብዙዎች በፓርላማነታቸው ብቻ ያነሷቸዋል። ወደ ፓርላማው የሄዱት ግን ከክፍል ወጥተው ነው።

ተማሪውም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል ግዴታው ሆነ፤ አብዛኛውም የተላከው ለአስተማሪነት ነበር። ያጉረመረመ አልጠፋም። ዳሩ ግን ሄደ። ከአዲስ አበባ ርቀው በሚገኙ ከተሞች ያደጉ ብዙ ሰዎች «ሒሳብ ያስተማረኝ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ልጅ ነበር» ሲሉ ዛሬም ይሰማል። ተማሪው አገሩን ያወቀውም በዚያው ነው፤ ጭሰኛውን፣ ባዶ እግሩን የሚመጣውን ልጅ፣ መድኃኒት የሌለውን ክሊኒክ በመጽሐፍ ሳይሆን በዓይኑ አየ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ተማሪውና አስተማሪው ጎን ለጎን ሆነው ፊደል ለማያውቀው ገበሬና ለባልቴቷ ፊደል አስቆጠሩ። ውለታን በተግባር መመለስ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

አስተማሪውስ በታሪካችን ውስጥ ዝም ብሎ የቀለጠ ሰም ነውን? አይደለም! የትምህርት ዘርፍ ጥናት የተባለው ዕቅድ የድኃውን ልጅ የትምህርት ዕድል ያጠባል፣ አስተማሪውንም ይጎዳል ብለው አስተማሪዎች የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን በቤንዚን ዋጋ መወደድ ያኮረፉት የታክሲ ነጂዎችም መኪናቸውን አቆሙ። ዕቅዱ ሊፈጸም አልቻለም፤ ዓመቱ ሳይሞላም ዘውዱ ወደቀ። በ1985 ዓ.ም. ከ40 የሚበልጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራቸው ሲባረሩ አገሪቱ ምን ያህል የዕውቀት ሀብት እንዳጣች የሚመዝን ሚዛን አልተገኘም። ከመምህራን ማኅበር መሪዎች አንዱ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መንገድ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ሻማ በጥይት አይመታም። በጥይት የሚመታው ቀና ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ስለዚህ አስተማሪን ሻማ የሚል ግጥም ውለታ መርሳት ብቻ ሳይሆን ታሪክ መርሳትም ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ሌላውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ራስን መውቀስ ግን እንደ ኮሶ ይመርራል።

የዚህች ወረቀት አዘጋጆች ስድስት ነን። የትምህርት ክፍል ምርጫ ቅጽ በተሰጠን ጊዜ ከስድስታችን አስተማሪነትን በመጀመሪያ የመረጠ አንድም አልነበረም። አምስታችን በመጨረሻው መስመር ጻፍነው፤ አንዳችን ጭራሹን አልጻፈውም። ምደባው ሲለጠፍ ከዶርማችን አንድ ልጅ አስተማሪነት ደረሰው። ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተኛ። አንድ ቀልደኛ ገብቶ እንደ ልቅሶ ቤት «እግዜር ያጥናህ» አለው። እኛም ሳቅን። አዎን፣ ሳቅን! ገብስ አጭደው ልጅ ያስለቀቁት ሰው የተሰማሩበትን ሙያ እንደ ሞት ቆጥረን ለቅሶ ደረስንበት። እነሆ ዛሬ ደግሞ ለዚያው ሙያ ሻማ ልናበራ መዋጮ ከፍለናል።

ይህ ቀልድ ከእኛ አልጀመረም፤ ከየቤቱና ከየሰፈሩ የመጣ ነው። አንድ ጎልማሳ «ምን ትሠራለህ?» ሲባል «አስተማሪ ነኝ» ቢል፣ «እሺ፣ ሌላስ?» ይባላል። አያቶቻችን እንደሚያወሩልን በእነሱ ዘመን አስተማሪ ለልጃቸው ባል ቢመጣ ደስታ ነበር። ዛሬ ቤት አከራዩ እንኳ አስተማሪ መሆኑን ሲሰማ ፊቱን ያጠቁራል። ደመወዝ ተጨመረ ሲባል ጤፉ ቀድሞ ይጨምራል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር ከውጭ ገንዘብ ጋር ያለው ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ደግሞ የወር ደመወዝተኛው ዘይትና ስኳር ሲገዛ ልዩነቱን በኪሱ አውቆታል። የትግራይ አስተማሪዎች ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የቆየው ጦርነት ካበቃ በኋላ የ17 ወር ውዝፍ ደመወዝ ይጠይቁ ነበር። አሥራ ሰባት ወር! በዚያ ላይ በጦርነት ክፉኛ የተጎዱትን፣ በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በውጊያ ምክንያት የተዘጉትን ትምህርት ቤቶች ስናስብ፣ ክፍሉ ተዘግቶበት ልጆቹን የሚናፍቅ አስተማሪ ስንት እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይገምት።

ውጤቱስ ምን ሆነ? የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር የተደበቀው ሁሉ ተገለጠ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ከመቶ 8.4 ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 ይበልጡ ነበር። ይህ በወጣ ጊዜ አገሩ ሁሉ «ልጆቹ ሰነፉ» አለ፤ ቀጥሎም «አስተማሪዎቹ አያውቁም» አለ። ገበሬ ለዘር የሚያስቀምጠው ከምርቱ ሁሉ የተሻለውን ነው። እኛ ግን የተሻለውን ለሌላ ሙያ እየመረጥን፣ የቀረውን ደግሞ ሳይወድ በግድ ለአስተማሪነት እየመደብን፣ ከተመደበም በኋላ እያስራብን ስንኖር ቆይተን አዝመራው ሲከሳ እንገረማለን!

እኛስ በዚህ ቍጥር ውስጥ የት ነን? ከእኛ አንዳንዱ ከነዚያ ከመቶ ሦስትና አምስት ከሆኑት ነው፤ አንዳንዱም በሬሜዲያል ትምህርት አልፎ የገባ ነው። ያም ሆነ ይህ እዚህ የደረስነው ብቻችንን አይደለም። ከእያንዳንዳችን ጀርባ ገብስ ያጨደ፣ የሣጥን ቁልፍ የሰጠ፣ በባጃጁ ውስጥ ዞር ብሎ የጠየቀ ሰው አለ። አጠገባችን ተቀምጦ የነበረውና ያልደረሰው ልጅ ከእኛ የሚለየው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው በማጣቱ ብቻ ነው።

የሚቃወሙን እንደሚኖሩ እናውቃለን። ጥቂቶቹን እዚሁ እንመልስ።

«አስተማሪ ሁሉ እናንተ እንደምትሉት አይደለም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ያለ ጥፋታችን የገረፈን አለ። ከሃያ ዓመት በፊት በጻፈው ማስታወሻ የሚያስተምር አለ። ማርክን እንደ ሸቀጥ የሚሸጥ፣ ከዚያም የከፋው እኅቶቻችንን በውጤት የሚያስፈራራ አለ። እንዲህ ያለውን አናመሰግንም፤ እንከስሰዋለን፤ ማኅበራችንም ሊከስሰው ይገባል። በጅምላ ማመስገን በጅምላ እንደ መስደብ ነው፤ ደጉን ከክፉው ጋር አንድ ላይ ያስራል። «አስተማሪ ሁሉ ሻማ ነው» የሚለው ግጥም ሌላው ጥፋቱ ይኸው ነው፤ ማጭድ የጠየቁትን ሰውና ማርክ የሚሸጠውን ሰው በአንድ ኬክ ያስተናግዳል።

«አስተማሪነት ጥሪ ነው እንጂ የገንዘብ ሥራ አይደለም» የሚሉም አሉ። ይህን የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ደሞዙ የደለበ ሰው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሥራና የትምህርት ድርጅቶች ስለ አስተማሪዎች ክብርና መብት በፓሪስ የጋራ የውሳኔ ሐሳብ ያወጡት በመስከረም 25 ቀን 1959 ዓ.ም. ነው፤ የዓለም የመምህራን ቀን በየዓመቱ በዚያው ዕለት የሚከበረውም ስለዚሁ ነው። ያ ሰነድ የአስተማሪ ደመወዝ ሥራው ለማኅበረሰቡ ያለውን ጥቅም የሚመጥን፣ ተመሳሳይ ትምህርት ከሚጠይቁ ሌሎች ሥራዎች የማያንስ፣ ከነቤተሰቡ በአግባቡ የሚያኖረው እንዲሆን ይጠይቃል። እንግዲህ በዚያ ቀን አበባ ሰጥቶ የቀኑን ምክንያት መርሳት፣ በልደት ቀን ኬኩን በልቶ የተወለደውን ልጅ እንደ መርሳት ነው።

«እኛ ድኃ ተማሪዎች ነን፤ ደመወዝ አንጨምር፤ ምን እናድርግ?» የሚለው ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይልቅ መልስ የሚገባው ነው። ደመወዝ መጨመር አንችልም። ነገር ግን የምንችለው አለ፤ እኛም ለማኅበሩ ጉባኤ የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከመዋጮው ለኬክና ለመስታወት የታሰበው ገንዘብ ግማሹ ለኖራ፣ ለደብተርና ለሞዴስ መግዣ ይዋል፤ ተማሪዎችም ለክረምት ወደ አገራቸው ሲሄዱ ለተማሩበት ትምህርት ቤት ይዘው ይሂዱ።

ሁለተኛ፣ ክረምቱን ሁላችንም በየተወለድንበት ወረዳ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን እናስጠና። የዛሬ ስልሳ ዓመት ተማሪው አንድ ሙሉ ዓመት ከሰጠ፣ እኛ ስድስት ሳምንት ብንሰጥ አይበዛብንም። ያን ጊዜ አርባ ልጅ ፊት መቆም ምን እንደሆነ፣ ድምፅ ሲዘጋ፣ እግር ሲያብጥ፣ አንድ ልጅ «ገባኝ» ሲል ምን እንደሚሰማ እናውቀዋለን። ሳናውቅ የምንሰጠው ምስጋና ወሬ ነው።

ሦስተኛ፣ አስተማሪዎች ስለ ደመወዛቸውና ስለ መብታቸው በሰላም ሲጠይቁ ማኅበራችን ዝም እንዳይል። እነሱ ሲጠይቁ እኛ «ትምህርት ተቋረጠብን» ብለን ከማጉረምረም በፊት፣ የሚጠይቁት ነገር ለእኛም ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች መሆኑን እናስብ።

አራተኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ አስተማሪነት የደረሰውን ተማሪ «እግዜር ያጥናህ» ማለት ነውር ይሁን። በብርድ ልብስ ተከናንቦ የነበረው የዶርማችን ልጅ ዛሬ ሦስተኛ ዓመት ነው፤ በልምምድ ትምህርት ያስተማራቸው ሕፃናት በመንገድ ሲያዩት ስሙን እየጠሩ ይሮጣሉ። ይቅርታ ጠይቀነዋል። በዚህች ወረቀት ላይ ደግመን እንጠይቀዋለን። ከመካከላችን በውጤታቸው የትም መግባት የሚችሉ ጥቂቶች፣ ጥቂትም ቢሆኑ፣ በፈቃዳቸው ወደዚያ ሙያ ቢገቡ ደግሞ ከግጥም ሁሉ የሚበልጥ ምስጋና ነው።

አምስተኛውና የመጨረሻው ቀላል ነው፤ ደብዳቤ ነው። እያንዳንዳችን አንድ አስተማሪ እንምረጥ። «ለውድ መምህሬ» ብለን በጠቅላላው ሳይሆን፣ ያን ቀን፣ በዚያ ክፍል፣ ይህን ስላደረጉልኝ ብለን እንጻፍ። በሕይወት ካሉ በእጃችን እናድርስ። ካረፉ ለልጆቻቸው እንስጥ፤ የአስተማሪ ልጅ ከአባቱ የሚወርሰው ቤትና መሬት ላይኖር ይችላልና፣ አባቱ በሰው ልብ ውስጥ የሠራውን ቤት ያውቅ ዘንድ ይገባዋል።

ወንድሞችና እኅቶች! በምስጋናው ምሽት መብራቱ ሲጠፋ እኛ ሻማ አንይዝም። ሻማ ይዞ የቆመውንም አንሰድብም። አስተማሪዎቻችን በመድረኩ ላይ ሲቀመጡ ተነሥተን እናጨበጭባለን፤ ከዚያም ይህን ወረቀት ለእያንዳንዳቸው እንሰጣለን፤ ፊርማችንንም ከሥሩ እናኖራለን። የሚፈርም ሁሉ ለክረምቱ ሥራ ስሙን እንዳስመዘገበ ይቆጠር።

በዚያ ዝናባማ ምሽት ባጃጁን አቁመው የጠየቁት ሰው መልስ ገና አላገኙም። የነገውን ጥያቄ ሠርታችኋል? ብለውናል። እስከ ዛሬ አልሠራነውም። ነገ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት የሚቆም ሰው ይኑር አይኑር የሚወስነው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱም ከኬክ አዳራሽ ሳይሆን ከክፍል ውስጥ ይሠራል።

አስተማሪ ሻማ አይደለም፤ ሰው ነው! ሰው የሆነን ሰው እንደ ሰው እናክብር!